ስለ ዕርቅና ስለ አገር ልማድ

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን በመንፈሳዊ ሰላምታ እጅ እንድንነሣሣ ሲያዝዘን፥ ሁላችንም ወዲያና ወዲህ ዘወር እያልን ጎንበስ እንላለን። ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በዚያች ሰዓት ከተቀየመው ሰው ፊቱን የሚያዞር ከመካከላችን የለምን? ጌታችን በወንጌል (ማቴ. 5፥23-24) መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው፥ ወንድሙ የተቀየመበት መሆኑ ትዝ ቢለው፥ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አስተምሮናል። ትእዛዙ ግልጥ ነው። ነገር ግን ሂዱና ታረቁ ስንባል እንዴት አድርገን እንሄዳለን? ማንን አስቀድመን፥ ምን ይዘን፥ ምን ብለን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የአገር ልማድ ነው። ስለዚህ ልማድ ለዕርቅ ምን እንደሚረዳ፥ ደግሞም ብቻውን ምን እንደማይችል በዚህ ትምህርታችን እንመለከታለን።

ዕርቅ የልብ ነገር ነው፤ ልብ ግን አይታይም። በልቡ የተጸጸተ ሰው ጸጸቱን የሚያሳይበት ምልክት ያስፈልገዋል፤ የተበደለውም ሰው ይህን ምልክት አይቶ የሚቀበልበት ሥርዐት ያስፈልገዋል። በአገራችን በብዙ ስፍራ ሽማግሌዎች ለምልጃ ሲመጡ ጉዳያቸው ሳይሰማላቸው ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም፤ በዳይም ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ደጃፍ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ያለ ቃል የሚነገር ንግግር ነው። እንግዲህ ልማድ ማለት የዕርቅ ቋንቋ ነው ብንል አንሳሳትም። ቋንቋም ከሆነ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ አስቀድሞ መማርን፥ የሌላውንም ቋንቋ ማክበርን፥ በቋንቋውም እውነትን መናገርን ነው።

አንደኛ፥ የዕርቅ ቋንቋ አስቀድሞ ሊማሩት ይገባል። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ብዙ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉና ከቤታቸው በተፈናቀሉ ጊዜ፥ ወሬው አርባ ምንጭ ደረሰ። የወገኖቻቸው ደም ያንገበገባቸው ወጣቶች ቁጣቸውን በከተማው በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ ሊያወርዱ ተነሡ። በዚያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጡና በመንገዱ ላይ በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ጦርም ዱላም አልያዙም ነበር፤ ወጣቶቹ ግን ተመለሱ። በጋሞ ሥርዐት ሣር ይዘው የተንበረከኩ አባቶችን ተራምዶ ማለፍ ነውር ነውና።

ይህን ስንሰማ አባቶችን እናመሰግናለን፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን ወጣቶቹን ደግሞ እንመልከት። ሣሩ በራሱ ኀይል የለውም፤ ከብት የሚግጠው ሣር ነው። ኀይል ያገኘው ወጣቶቹ ከልጅነታቸው ጀምረው ትርጓሜውን ስለሚያውቁት ነው። ትርጓሜውን በማያውቁ ልጆች ፊት ቢሆን ኖሮ፥ እነዚያ አባቶች መንገድ የዘጉ ሽማግሌዎች ብቻ ሆነው በቀሩ ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ከተማዪቱን ያዳነው ትምህርት በዚያ ቀን የተሰጠ አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት በየቤቱና በየዱቡሻው፥ ማለት በየሸንጎው፥ የተሰጠ ነው። እሳት በተነሣ ጊዜ ጉድጓድ መቆፈር አይጠቅምም፤ ውኃው አስቀድሞ ሊቀዳ ይገባል።

ሁለተኛ፥ የሌላው ቋንቋ ሊከበር ይገባል። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 31 እንደምናነበው፥ ያዕቆብና አማቱ ላባ በተጣሉ ጊዜ በተራራ ላይ የድንጋይ ክምር ከምረው ቃል ኪዳን ተጋቡ። ላባ ክምሩን በራሱ በሶርያ ቋንቋ ሰየመው፤ ያዕቆብም በዕብራይስጥ ሰየመው። የሁለቱም ስም ትርጓሜ የምስክር ክምር ማለት ነው። ላባ ያዕቆብን የኔን ስም ካልጠራህ አልታረቅም አላለውም፤ ያዕቆብም ላባን እንዲሁ አላለውም። መሐላውንም እያንዳንዱ በአባቶቹ አምላክ ስም አጸና፤ ማዕዱን ግን በአንድነት ቆረሱ። ክምሩ አንድ፥ ስሙ ሁለት፥ ምስክርነቱ ግን አንድ ሆነ።

በአገራችንም ለዚህ ምሳሌ አለ። በደቡብ ትግራይ በራያና በወጀራት ደገኛው ገበሬና ቆለኛው አፋር በግጦሽና በውኃ፥ በከብት ዘረፋም ሲጣሉ የሚዳኙ ሽማግሌዎች አሉ፤ አቦ ገረብ ይባላሉ፥ የወንዝ አባት ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ሰው ሲመረጥ ከሚፈለግበት ነገር አንዱ ትግርኛንም አፋርኛንም ማወቁ ነው። የአንዱን ወገን ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው የአንዱን ወገን ልቅሶ ብቻ ይሰማልና። እንግዲህ ሁለት ሕዝብ ለማስታረቅ የሚነሣ ሁሉ፥ ቄስም ቢሆን ሹም፥ የራሱን ልማድ በሌላው ላይ እንዳይጭን ይጠንቀቅ። የሌላው ወገን ኀዘኑን እንዴት እንደሚገልጥ፥ ይቅርታን በምን ምልክት እንደሚቀበል አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፥ በቋንቋው እውነት ሊነገርበት ይገባል። በዚህ ነገር እኛም ራሳችን በድለናል፤ ለትምህርት እንዲሆን እንናገረዋለን። በአንድ ደብር ስናገለግል ሁለት ቤተ ዘመድ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ሰው ሞቶባቸው ነበር። ገዳዩ የፍርድ ቤት ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ፥ በዓል ሳይደርስ ደሙን እናድርቅ ብለን ተቻኮልን። ሽማግሌ ሰበሰብን፤ ወንዶቹን ፊት ለፊት አቁመን መስቀል አሳለምን፤ እንጀራ አስቆርሰን አሰናበትን። ደስም ብሎን ነበር። የሟቹን ሚስት ግን አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ገዳዩም በደሉን በአፉ አልተናገረም። የካሣው ነገር ከበዓል በኋላ ይታያል ተብሎ ታለፈ። ዓመት ሳይሞላ የአንደኛው ወገን የእህል ክምር ተቃጠለ፤ ጠቡም ታደሰ። ያቺ ሴት ስታገኘን፥ «አባቴ፥ ያ ዕርቅ ለበዓሉ ነበር እንጂ ለእኔ አልነበረም» አለችን። የምንመልሰው ቃል አጣን።

ሁለተኛ ስንጀምር ከእርስዋ ቤት ጀመርን። ያጣችውን ሁሉ እስክትጨርስ ድረስ ተቀምጠን ሰማን፤ ካሣውም ለልጆችዋ ተቈረጠ። ከዚያ በኋላ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በደጃፍዋ ወደቀ፤ የሟቹን ስም ጠርቶ እኔ ገደልሁት አለ። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። ኋላም፥ «ድንጋዩን አውርዱለት» አለች። ምልክቱ በፊተኛውም ጊዜ ነበረን፤ መስቀሉም ሽማግሌውም እንጀራውም ነበረ። የጎደለው እውነቱ ነበር።

ዕርቅ የሚለው ቃል ዕርቃን ከሚለው ጋር በፊደል ይቀራረባል። ምንጫቸው አንድ ነው ብለን አንከራከርም፤ ለማስተማር ግን ይረዳናል። በደሉን ሸፍኖ የታረቀ የለምና። አባቶቻችን ዕርቅ ደም ያደርቅ ብለው መተረታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ብለውም ተርተዋል። ሁለተኛውን ተረት ረስቶ የመጀመሪያውን ብቻ የሚይዝ አስታራቂ ቍስሉን ሳያጥብ የሚጠቀልል ሐኪም ይመስላል። ዘኬዎስም (ሉቃ. 19) ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ በደስታው ብቻ አልቀረም፤ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ተናገረ። በኦሮሞ ሥርዐት ጉማ የሚባለውን የደም ካሣ የገዳዩ ጎሣ በአንድነት ማዋጣቱ፥ በደል የአንድ ሰው ሥራ ቢሆንም ሸክሙ ለወገን ሁሉ እንደሚተርፍ ያስተምራል።

ይህን ስንል ልማድ ሁሉ ቅዱስ ነው ማለታችን አይደለም። በአንዳንድ ስፍራ ደም ይደርቃል ተብሎ ልጃገረድ ያለ ፈቃድዋ ለባለ ደሞች የተዳረችበት ልማድ ነበረ፤ ይህ በደልን በበደል መክፈል ነው። በብዙ ሸንጎ ደግሞ ሴት በውጭ ቆማ ስለ ራስዋ ጉዳይ ወንዶች ይቈርጡላታል። ባለጠጋ በዳይ በሽማግሌ ብዛት ድኻውን አስጨንቆ ይቅር የሚያሰኝበትም ጊዜ አለ። ሽምግልናም ወንጀለኛን ከዳኛ ፊት መሰወሪያ ሊሆን አይገባውም። ስለዚህ ልማድን በወንጌልና በፍርድ ሚዛን እየመዘንን፥ መልካሙን እናጽና፥ ክፉውን እንተው።

በ2013 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን የተነሣው ጦርነት በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እንዲቆም ተደረገ፤ ከዚያም ወዲህ በሌላ በሌላው አካባቢ ደም መፍሰሱ አልቀረም። ፊርማ ጦርን ያቆማል። በአንድ ገበያ የሚገናኙትን፥ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱትን፥ ነገር ግን ፊት ለፊት መተያየት ያቃታቸውን ጎረቤቶች ግን ፊርማ ብቻውን አያገናኛቸውም። ለዚህ የእያንዳንዱ መንደር ሽማግሌ፥ የእያንዳንዱ ቤት እናት፥ እያንዳንዱ የንስሐ አባት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ የአያቶቻቸውን የዕርቅ ሥርዐት ያውቃሉን? የጎረቤታቸውንስ ሕዝብ ሥርዐት ያውቃሉን? በከተማ የሚያድግ ልጅ የስድቡን ቃል ከየመንገዱ ሳይማር አይቀርም፤ የይቅርታውን ምልክት ግን የሚያስተምረው ካላገኘ ከየት ያመጣዋል? ዛሬ ማታ በማዕድ ዙሪያ ስትቀመጡ ንገሩአቸው፤ ሽማግሌ ለምን እንደሚቆም፥ ሣር ለምን እንደሚያዝ፥ ድንጋይ ለምን እንደሚሸከሙ አስረዱአቸው። ከጎረቤት ጋር የተጣላችሁ እንደ ሆነም፥ ስትታረቁ ልጆቻችሁ ይዩ። ያን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ቀን ቢመጣ፥ በፊታቸው የተንበረከከውን ሽማግሌ አይተው ይመለሳሉ።