ቦቴ፣ ደረቅ ጭነት ወይስ ሎቤድ?
በአንድ መኪና ሥራ የሚጀምር ባለንብረት ከተሳቢው በፊት ጭነቱን ማወቅ ይኖርበታል

ቤቱን ለባንክ አስይዞ ከባድ መኪና ለመግዛት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠያይቀው ስለ ሞተሩ ነው። የፈረስ ጉልበቱ፣ የነዳጅ ፍጆታው፣ የመለዋወጫው በገበያ መገኘት ይጠናል። ተሳቢው ግን በዚያው የሚታከል ዕቃ ተደርጎ ይታያል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን መኪናው ምን እንደሚጭን፣ ከማን ጋር እንደሚዋዋልና በወር ስንት ቀን እንደሚቆም በአመዛኙ የሚወስነው ተሳቢው ነው። የተበላሸ ሞተር ይጠገናል፤ ለማይገኝ ጭነት የተሠራ ተሳቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው በኪሳራ ነው።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በአሰብ በኩል ይካሄድ የነበረው ንግድ በመቋረጡ፣ አብዛኛው የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል ወደቡ ለመድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ከወደብ ወደ መሀል አገር የሚጫነው ዕቃ በክብደት ወደ ወደብ ከሚወርደው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ብዙ መኪኖች ቁልቁል የሚጓዙት ባዶአቸውን ነው። በመሆኑም የአንድ ጉዞ ክፍያ የ1,800 ኪሎ ሜትር ምልልስ ነዳጅ፣ ጎማና የሹፌር አበል መቻል አለበት። የተሳቢ ምርጫም መመዘን ያለበት ከዚህ አንጻር ነው።

ቦቴ

አገሪቱ የምትጠቀምበት ነዳጅ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ቦቴ ሥራ አያጣም የሚል እምነት አለ። እምነቱ መሠረት አለው። ማዳበሪያና ስንዴ ወቅት ሲጠብቁ ናፍጣና ቤንዚን ዓመቱን ሙሉ ይፈለጋሉ። የማጓጓዣው ታሪፍም በመንግሥት የሚወሰን ስለሆነ ገቢውን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ቦቴ ከነዳጅ በስተቀር ሌላ ጭነት አይዝም። ቁልቁል ሲወርድ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ታሪፉ ሳይሻሻል የጎማ ዋጋ ቢጨምር ባለንብረቱ ወደ ሌላ ጭነት ዞር ማለት አይችልም።

ሌላው ጉዳይ የሊትር ጉድለት ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለውጥ መጠኑ በ0.08 በመቶ ያህል ይለያያል። በጅቡቲ ሙቀት የተጫነ 45,000 ሊትር ናፍጣ ደጋ ላይ ሲራገፍ በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ማንም ሳይነካው 540 ሊትር ያህል ይጎድላል። ስለዚህ ከነዳጅ ኩባንያው ጋር ውል ከመፈረሙ በፊት ልኬቱ በሙቀት መጠን ይስተካከል እንደሆነ፣ የሚፈቀደው ጉድለት ስንት እንደሆነና ከዚያ በላይ የጎደለው በማን እንደሚከፈል በጽሑፍ መታወቅ አለበት። ይህን ሳያጣራ የገባ ባለንብረት የጉዞውን ትርፍ በጉድለት ሊከፍል ይችላል።

ደረቅ ጭነት

ለደረቅ ጭነት ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ራሱም የሚጭን መኪና ከነተሳቢው ነው፤ በተለምዶ 200 ኩንታል በመኪናው፣ 200 ኩንታል በተሳቢው ይጫናል። ሁለተኛው በጎታች የሚሳብ ሴሚ ትሬለር ነው።

መኪና ከነተሳቢው የሚመቸው በጆንያ ለሚጫን ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ስኳርና ሲሚንቶ ነው። ጭነት ሲያንስ ወይም መንገዱ ሲጠብ ተሳቢው ተፈትቶ መኪናው ብቻውን ይሠራል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አንድ በመኪናው፣ አንድ በተሳቢው መጫን ይቻላል። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ግን ርዝመቱ 12.19 ሜትር ስለሆነ አይችለውም። 12 ሜትር የሆነ ፌሮም ካልታጠፈ አይጫንም። ተሳቢው በሁለት ቦታ ስለሚታጠፍም በጠባብ ግቢ ወደ ኋላ ማስገባት ልምድ ያለው ሹፌር ይፈልጋል።

ሴሚ ትሬለር ረጅም በመሆኑ ባለ 40 ጫማውንም፣ ፌሮውንም፣ ጆንያውንም ይቀበላል። ሥራው ሲያድግም ሌላ ጥቅም አለው። ባለንብረቱ ሁለተኛ መኪና ሳይገዛ ሁለተኛ ተሳቢ ብቻ ቢጨምር፣ አንዱ መጋዘን ደጃፍ ሲራገፍ ጎታቹ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ሆኖም ተሳቢው አንድ ብቻ እስከሆነ ድረስ ጎታቹ ተፈትቶ ብቻውን የሚሠራው ሥራ የለም።

የደረቅ ጭነት ደካማ ጎን ወቅት ጠባቂነቱ ነው። ማዳበሪያ ወደብ ሲደርስ ቅድሚያ ስለሚሰጠው መኪና ይፈለጋል፤ መርከብ በሌለበት ወር ግን ተራ ይረዝማል። በሌላ በኩል ጎኑ የሚነሳና የሚገጠም ተሳቢ ያለው ሰው ሲሚንቶ፣ እህል ወይም ብረት ፈልጎ በአገር ውስጥ ይሠራል። የአፍዴራ ጨው የሚጭን ግን ከየጉዞው በኋላ ሻሲውን በውኃ ማሳጠብ አለበት፤ ጨው ብረት ይበላል።

ኮንቴይነር ብቻ የሚጭን ተሳቢ

ወለልና ጎን የሌለው፣ ሻሲና የኮንቴይነር መቆለፊያ ብቻ ያለው ተሳቢ ቀላል በመሆኑ ነዳጅ ይቆጥባል። ችግሩ ተወዳዳሪው ባቡር መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ኮንቴይነር ከዋና ዋና ጭነቶቹ አንዱ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተሳቢ የሚሻለው ከደረቅ ወደብ እስከ አስመጪው መጋዘን ያለው አጭር ጉዞ ነው። ለዚያም የአስመጪ ወይም የትራንዚተር ቋሚ ደንበኝነት ያስፈልጋል።

ሎቤድ

ኤክስካቫተርና ዶዘር የሚያጓጉዝ ሎቤድ የአንድ ጉዞ ዋጋው ያስጎመጃል። ነገር ግን አንድ የሥራ ተቋራጭ ማሽኑን የሚያዛውረው ፕሮጀክት ሲጀምርና ሲጨርስ ነው። በመካከሉ ሎቤዱ ሳምንታት ሊቆም ይችላል። ከመጠን በላይ ለሆነ ጭነትም ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ሌሎች መኪኖች ያሉት ድርጅት ይህን ይችለዋል፤ ባለ አንድ መኪና ግን የባንኩ ቀን አይጠብቀውም።

ስሌቱ

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለስሌቱ ያህል ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የባንክ ክፍያ፣ መድንና ደመወዝ ተደምሮ መኪናው ቢሠራም ቢቆምም በወር 180,000 ብር ያስወጣል እንበል። ደረቅ ጭነት የሚሠራው ነዳጅና አበል ተቀንሶ በአንድ ምልልስ 70,000 ብር ቢተርፈውና በወር 3 ጊዜ ቢመላለስ 210,000 ብር ያገኛል፤ 30,000 ብር ይቀረዋል። ሎቤድ የያዘው በአንድ ጉዞ 100,000 ብር ቢተርፈውና በሁለት ወር 3 ጉዞ ብቻ ቢያገኝ የወር ገቢው 150,000 ብር ነው፤ 30,000 ብር ይከስራል። በጉዞ ብዙ የሚያገኘው በወር የከሰረው በቆመባቸው ቀናት ምክንያት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ስሌት ይበልጥ ጠንክሯል። ባለ ሦስት አክስል መኪና ከባለ ሦስት አክስል ተሳቢ ጋር በአብዛኛው 22 ጎማ ይይዛል፤ የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ ደግሞ ከዶላር ጋር ይሄዳል።

እንግዲህ በእጁ ቋሚ ውል ለሌለው ጀማሪ የሚያዋጣው ጎኑ የሚነሳና የኮንቴይነር መቆለፊያ የተገጠመለት ሴሚ ትሬለር ነው። በጉዞ የሚያስገኘው ገቢ ከሁሉ የላቀ ላይሆን ይችላል፤ ግን አንዱ ጭነት ሲጠፋ ሌላውን ያነሳል፣ መሸጥ ቢመጣም ፈላጊው ብዙ ነው። ሥራው ገጠርና ጠባብ መንገድ የሚበዛበት ከሆነ መኪና ከነተሳቢው ይሻላል። ቦቴ የሚገዛው ከነዳጅ ኩባንያ ጋር ውል ላለው ነው።

ቀብድ ከመከፈሉ በፊት

ሀ) ባለንብረቱ የሚታቀፍበት ማኅበር የትኛውን የተሳቢ ዓይነት እንደሚቀበልና ተራው በወር ስንት ጊዜ እንደሚደርስ ከማኅበሩ መጠየቅ፤

ለ) ቢያንስ ሁለት ጫኝ ድርጅቶችን ስለ ጭነቱ ዓይነት፣ ስለ ክፍያው ጊዜና መኪናው ወደብ ላይ ለሚቆምበት ቀን ስለሚከፈለው ማነጋገር፤

ሐ) የተሳቢው የባዶ ክብደት ስንት እንደሆነ ከሠሪው ማረጋገጥ። ተሳቢው በከበደ ቁጥር በመንገድ ሚዛን የሚፈቀደው ጭነት ይቀንሳል፤

መ) ያገለገለ ተሳቢ ከሆነ የሻሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን፣ ሻሲው በብየዳ የተቀጠለ አለመሆኑን በባለሙያ ማስመርመር፤

ሠ) ባንኩ ለተሳቢው ለብቻው ብድር ይሰጥ እንደሆነና የመድን ሽፋኑ ተሳቢውንና ጭነቱን ይጨምር እንደሆነ ማጣራት።