ብርቅዬ አራዊትና አጥር፦ በግቢ ማቆየት ዘርን ያድናልን?



ባለፈው የውይይት ሰዓታችን ከመካከላችን አንዱ «የስሜን ዋልያና የባሌ ቀይ ቀበሮ እየተመናመኑ ከሆነ፣ ጥቂቱን ይዞ እንደ ስድስት ኪሎ አንበሶች በአጥር ውስጥ ማርባት ለምን አይቻልም?» ሲል ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር። ይሁን እንጂ ግማሾቻችን «ይገባል»፣ ግማሾቻችን «አይገባም» ብለን ሳንስማማ ተለያየን። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ እንበል። ብርቅዬ የሆነ አውሬ ሁሉ በመካነ አራዊት የሚገኝ ይመስለናል፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ዋልያም ሆነ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በየትኛውም መካነ አራዊት አይረባም። ከእነርሱ ይልቅ በቁጥር የሚበዛው ጭላዳ ዝንጀሮ ግን በአውሮፓ መካነ አራዊት ይታያል። እንግዲህ አንድ አውሬ በአጥር ውስጥ መኖሩ የብርቅነቱ ምልክት አይደለም፤ በአጥር ውስጥ አለመኖሩም በዱር መብዛቱን አያሳይም።

ሁለተኛ፣ አጥር ዘርን አድኖ ያውቃልን? አዎን፣ አድኖ ያውቃል። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን በአዋሽ የምናውቀው የሳላ ዘመድ የሆነው የዐረብ ሳላ ነው። በመኪናና በጠመንጃ እየታደነ ሊያልቅ በተቃረበበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ጥቂቶቹን ከበረሃ የመያዝ ዘመቻ ተጀመረ። ከዱር ተይዘው በሕይወት የተረፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከለንደን መካነ አራዊት፣ ከኩዌትና ከሳዑዲ ዐረቢያ የተገኙት ሲጨመሩ ዘጠኝ ሆኑ። እነዚህም የአየሩ ጠባይ ለበረሃ እንስሳ በሚስማማው በአሜሪካ በፊኒክስ ከተማ እንዲረቡ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1972 በዱር የቀረው የመጨረሻው ሳላ በዖማን ተገደለ። ያን ጊዜ በአጥር ውስጥ ያሉት ባይኖሩ ኖሮ የዚህ አውሬ ታሪክ በዚያው ባበቃ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን፣ በ1982፣ ልጆቻቸው ወደ ዖማን በረሃ ተመልሰው ተለቀቁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ «ይገባል» ያልነው ወገኖች በረታን ነበር። ዳሩ ግን አላለቀም። በዖማን የተለቀቁት ተራብተው ወደ አራት መቶ ከደረሱ በኋላ፣ ከ1996 ጀምሮ አዳኞች ተመልሰው መጡ። በ2007 በዚያ ጥብቅ ስፍራ የቀሩት ስድሳ አምስት ያህል ብቻ ነበሩ። መንግሥትም የጥብቁን ስፍራ እጅግ ስላጠበበው በዚያው ዓመት ከዓለም ቅርስ መዝገብ ተሰረዘ። ሆኖም በሌሎች አገሮችም የተለቀቁ ስለ ነበሩ የዱሮቹ ቁጥር ከአንድ ሺህ በላይ ደርሶ፣ በ2011 የአደጋው ደረጃ ዝቅ እንዲል ተደርጓል። ከዚህ የምንማረው አጥር ዘርን ሊያቆይ እንደሚችል፣ ነገር ግን ቀድሞ ያጠፋው ምክንያት ካልተወገደ መመለሱ ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

ሦስተኛ፣ አጥር የራሱ ጉዳት አለው። ከጥቂት ወላጆች የሚራቡ እንስሳት የቅርብ ዘመድ ከዘመድ ስለሚገናኙ ዘራቸው ይደክማል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ትውልድ በመዝገብ ተይዞ፣ ማን ከማን እንደሚዳቀል በጥንቃቄ መታወቅ አለበት። የእኛው የአዲስ አበባ አንበሶች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1948 በጥቂት አንበሶች ተጀመረ። በ2012 በታተመ ጥናት የዐሥራ አምስቱ ደም ሲመረመር፣ በዘራቸው ከሌሎች ከተመረመሩት አንበሶች የተለዩ ሆነው ተገኙ። በየመንገዱ ስናልፍ ድምፃቸውን ብቻ የምንሰማቸው አንበሶች እንዲህ ያለ ሀብት መሆናቸውን ማን ዐውቆ ነበር? በአንጻሩም አጥር የመጨረሻ መቃብር የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአንድ ወቅት ሰማይን ይሸፍን የነበረው የአሜሪካ ተጓዥ ርግብ የመጨረሻዋ ወፍ በ1914 በሲንሲናቲ መካነ አራዊት ሞታለች። ለብቻዋ የቀረችን ወፍ ማቆየት ዘርን ማቆየት አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

እንግዲህ ወደ ቀይ ቀበሮ እንመለስ። ቁጥሩ በጠቅላላ ከአምስት መቶ አይበልጥም ተብሎ ይገመታል፤ ከግማሽ በላዩ በባሌ ነው። በደጋው ሜዳ ፍልፈልና አይጥ እያደነ፣ በቤተሰብ ተሰባስቦ ይኖራል። የሚያጠፉት ምንድን ናቸው? እርሻና ግጦሽ ወደ ተራራው መግፋቱ፣ ከዚያም ከገበሬው ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በባሌ በ1991፣ በ2003 እና በ2008 ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ጠላቱ በሽታ ከሆነ ቀበሮውን ከማሰር ይልቅ ውሻውን መከተብ ይቀድማል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ዛሬ ውሾች ይከተባሉ፤ ከ2018 ጀምሮም ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ የተሸሸገ ክትባት ይሰጣል። በ2020 በስሜን ተራሮች እግሩ በጥይት የተሰበረ አንድ ቀይ ቀበሮ ተይዞ፣ እዚያው ተራራው ላይ ታክሞ፣ ሲድን ወደ ዱር ተለቀቀ። ስሙንም «ተረፈ» አሉት። ይህ አጥር ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር፤ ዓላማውም መመለስ ነበር።

ስለዚህ ለጠያቂው ወንድማችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ አጥር የመጨረሻ መጠጊያ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያ መፍትሔ ግን አይደለም። ሆኖም «አይገባም» ያልነውም ብንሆን፣ ዱሩን ሳንጠብቅ አጥሩን ብቻ ከነቀፍን ከንግግር ያለፈ ምንም አልሠራንም።

ለውይይት፦
፩. የዐረብ ሳላ በ1962 ባይያዝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ለዋልያስ እንዲህ ያለው ጊዜ መድረሱን በምን እናውቃለን?
፪. በተራራው የሚኖረው ገበሬ ውሻውን እንዲያስከትብና ግጦሹን እንዲቀንስ ስንጠይቀው፣ እኛ የከተማ ልጆች በምላሹ ምን እናደርግለታለን?