ኪው ያለ ዩ፦ ከመድረሳ የምናውቃቸው የእንግሊዝኛ ቃላት

የዚህ እትም ትምህርታችን በጨዋታ በኩል ይመጣል። ጨዋታው ስክራብል ነው።

ስክራብል 15 በ15 በሆነ ሰሌዳ ላይ ፊደላትን እየደረደሩ የእንግሊዝኛ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ ለመወሰን ጋዜጣ ዘርግቶ ፊደላቱን ቆጠረ። በጨዋታው 100 ጠጠሮች አሉ፤ ተጫዋቹ በአንድ ጊዜ 7 ይይዛል። በብዛት የሚገኙት ፊደላት 1 ነጥብ ሲያወጡ፣ ብርቅ የሆኑት ኪው እና ዜድ እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ያወጣሉ።

ኪው ግን ጣጣ አለው። በእንግሊዝኛ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ዩን አስከትሎ ይጻፋል። ከ100ው ጠጠር ዩ 4 ብቻ ነው። ዩ ካልደረሳችሁ ኪው እጃችሁ ላይ ይቀራል፤ ጨዋታው ሲያበቃም 10 ነጥብ ያስቀንሳችኋል። ስለዚህ ጨዋታውን የሚወዱ እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን ሳይቀሩ "ኪው ያለ ዩ" የሚጻፉ ቃላትን በዝርዝር ይዘው ይሸመድዳሉ። ለእነሱ ባዕድ የሆኑት እነዚህ ቃላት ብዙዎቹ ለእኛ የልጅነት ቃላት ናቸው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ኪው፣ የዐረብኛው ቃፍ እና የእኛው ቀ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የላቲኑ ኪው በግሪክና በኢትሩስካውያን በኩል ከፊንቄ ፊደል የመጣ ነው። የግእዙም ቀ በደቡብ ዐረብ ፊደል በኩል ወደዚያው ጥንታዊ ሴማዊ ምንጭ ይደርሳል፤ ስሙም ቃፍ ነው። ቅርጻቸውን አስተያዩ፦ ሁለቱም ክብ ናቸው፤ ሁለቱም ጭራ አላቸው። እንግሊዝኛ የቀ ድምፅ ስለሌለው ኪውን ከዩ ጋር አጣምሮ "ክው" ለሚለው ድምፅ አዋለው። ይህም ልማድ የመጣው ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት "ንግሥት" ማለት የሆነው ኩዊን እንኳ የሚጻፈው በሲ እና በደብሊው ነበር። የዐረብኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ሲገቡ ግን ቃፍን ከካፍ ለመለየት ኪው ብቻውን ተጻፈ።

አሁን ወደ ቃላቱ እንሂድ። ሁሉም ለዓለም አቀፍ ውድድር በሚያገለግለው የኮሊንስ የስክራብል መዝገብ ውስጥ አሉ። ሰሜን አሜሪካ የራሱ መዝገብ ስላለው ከመጫወታችሁ በፊት በየትኛው እንደምትጫወቱ ተስማሙ። ነጥቡ የሰሌዳው ጭማሪ ሳይታሰብ ነው።

1. ቃዲ (ኪው-ኤ-ዲ-አይ)፦ ዳኛ፤ 14 ነጥብ። ይኸው ቃል በእንግሊዝኛ በኬ ወይም በሲ ተጀምሮም ይጻፋል። በኬ 9፣ በሲ 7 ነጥብ ያወጣል። ቃዲው አንድ ነው፤ ነጥቡ እንደ ፊደሉ ይለያያል።

2. ቃኢድ (ኪው-ኤ-አይ-ዲ)፦ መሪ፣ አለቃ፤ 14 ነጥብ። ፊደላቱ ከቃዲ ጋር አንድ ናቸው፤ ቦታቸው ብቻ ተቀያየረ።

3. ፊቅህ (ኤፍ-አይ-ኪው-ኤች)፦ የሸሪዓ ሕግጋት ዕውቀት፤ 19 ነጥብ።

4. ወቅፍ (ደብሊው-ኤ-ኪው-ኤፍ)፦ ለበጎ ሥራ የተሰጠና የማይሸጥ ንብረት፤ 19 ነጥብ።

5. ቂብላ (ኪው-አይ-ቢ-ኤል-ኤ)፦ የሶላት አቅጣጫ፤ 16 ነጥብ።

6. ቀናት (ኪው-ኤ-ኤን-ኤ-ቲ)፦ 14 ነጥብ። የአማርኛው "ቀን" ብዙ ቁጥር አይደለም። ከከርሰ ምድር ውኃ በትንሽ ተዳፋት ተቆፍሮ፣ ያለ ፓምፕ በስበት ኃይል ብቻ ውኃ ወደ መንደር የሚያወርድ ዋሻ ነው። የሲቪል ተማሪዎች ልብ በሉ፦ የኢራን ቀናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

7. ቃት (ኪው-ኤ-ቲ)፦ ይህን ማንም አያጣውም፤ የእኛው ጫት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በዐረብኛው ስሙ ነው። 12 ነጥብ ያወጣል። እኛ የምንመክረው ሰሌዳው ላይ ብቻ ነው።

8. ፈቂር (ኤፍ-ኤ-ኪው-አይ-አር)፦ 17 ነጥብ። እዚህ ላይ ትርጉሙ ተንሸራቷል። በዐረብኛ ድሃ፣ ችግረኛ ማለት ነው፤ ዘካ ከሚሰጣቸው ወገኖችም አንዱ ነው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን ዓለምን የተወና በምጽዋት የሚኖር ባሕታዊ ይሉታል፤ ሂንዱውንም ሙስሊሙንም ይጨምሩበታል።

ከኪው ወጣ ብለን አንድ እንጨምር፦ አዚመዝ (ኤ-ዜድ-አይ-ኤም-ዩ-ቲ-ኤች)። በሰርቬይንግ ክፍል የምናውቀው ከሰሜን ተነሥቶ የሚለካው አንግል ነው፤ ምንጩ "አቅጣጫዎች" የሚል የዐረብኛ ቃል ነው። 7ቱንም ፊደላት በአንድ ጊዜ ካዋላችሁ 21 ነጥቡ ላይ 50 ጉርሻ ተጨምሮ 71 ይሆናል። ከአዲስ አበባ ሆነን ቂብላን ስናሰላ አዚመዙ 5 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ማለትም ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ። ሁለቱ ቃላት እዚህ ላይ በአንድ ስሌት ተገናኙ።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። እ.ኤ.አ. በ2015 የኒውዚላንዱ ናይጄል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ ሳይናገር በፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የቃላቱን ዝርዝር በቃሉ ይዞ ነበር። ችሎታው ያስደንቃል፤ ግን ቃላቱ ሰሌዳው ላይ ነጥብ ከመሆን አላለፉም። ሒፍዝ ያየን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፦ መያዝ መጀመሪያ ነው፤ መረዳት ይከተለዋል። ቀመር የሚሸመድድ የኢንጂነሪንግ ተማሪም ጥያቄው ትንሽ ሲዞርበት የሚቸገረው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ከላይ ያሉትን ቃላት ከነትርጉማቸው ያዙ።

መልመጃ፦ እጃችሁ ላይ ኤ፣ ዲ፣ አይ፣ ኪው፣ ኤፍ፣ አር፣ ቲ አሉ። ኪው ያለባቸው ስንት ቃላት ትሠራላችሁ? ከተማርናቸው ቃት፣ ቃዲ፣ ቃኢድ እና ፈቂር ይወጣሉ። የቻይናውን ቺ (ኪው-አይ)፣ ማለትም በእነሱ እምነት በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረውን የሕይወት ኃይል፣ ብትጨምሩ 5 ይሆናሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ፈቂር ነው።

ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ነገር አይደለም። በመካከላችን እንግሊዝኛው ይጎድለኛል ብሎ ክፍል ውስጥ እጁን የማያነሣ ብዙ ነው። መድረሳ ያሳለፍነውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ትምህርት ጋር የማይገናኝ፣ እንዲያውም ወደ ኋላ ያስቀረን አድርገን የምናይም አለን። ግን ቃፍን ከካፍ ለመለየት በሉሕ ላይ የደከምንበት ትምህርት፣ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ተቀምጠው የሚያጠኑትን ቃል አስቀድሞ ሰጥቶናል። አልጀብራ ብለን የምንማረውም ስሙን ያገኘው ከአል-ኸዋሪዝሚ የዐረብኛ መጽሐፍ ርእስ ነው። ከመድረሳ ይዘነው የመጣነው ዕውቀት እዚህም ይሠራል።

በሚቀጥለው ጊዜ የማታውቁት የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥማችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ድምፁን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ምናልባት የድሮ ጎረቤታችሁ ይሆናል። ወሰላሙ ዐለይኩም።