ግሮውዝ ፋክተርና የሬቲና ሴሎች

«ግሮውዝ ፋክተር» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን የሴል መከፋፈል ነው። የሬቲና ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ግን አይከፋፈሉም፤ ታዲያ ምን ይጠቅማቸዋል? እንዳይሞቱ ይረዳቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ኔቸር ላይ በወጣ ሙከራ፣ በዘር በሚወረስ ችግር ሬቲናቸው በሚጠፋባቸው አይጦች ዓይን ውስጥ ቤዚክ ኤፍጂኤፍ ሲወጋ የሴሎቹ ሞት ዘገየ። የሚገርመው፣ ተራ የጨው ውሃ በተወጉትም ዘንድ መርፌው ባረፈበት አካባቢ የተረፉ ሴሎች ነበሩ! ቁስሉ ራሱ የዓይኑን ፋክተሮች ሳይቀሰቅስ አልቀረም።

ችግሩ፣ ፕሮቲኑ ዓይን ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በየጊዜው መወጋት ደግሞ ለታካሚው ከባድ ነው። ስለዚህ ሲኤንቲኤፍ የሚያመነጩ ሴሎችን በካፕሱል አድርጎ ዓይን ውስጥ መትከል ተሞከረ። የአሜሪካው ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. በ2025 ማክቴል ለሚባለው የማኩላ በሽታ ፈቀደው። የሴሎቹን መጥፋት ያዘገያል፤ የሞተውን ግን አይመልስም።