ምዕራፍ 6፦ መጀመሪያ ግምት፣ ከዚያ ስክሪን

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው «ፕላዝማ»ን አይረሳም። የሒሳብ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበር። የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ይጥልና ተማሪው እስክሪብቶውን ሳያነሳ መልሱን ተናግሮ ያልፍ ነበር። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር «ቆይ፣ አልገባቸውም» ሊለው አይችልም ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል ከማስገባትዎ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ ተማሪዬ ሊያስቆመው፣ ሊለውጠውና ሊሞክረው ይችላል?

ይህን ፈተና ከሚያልፉት አንዱ ጂኦጀብራ ነው። ማርኩስ ሆሄንቫርተር የተባለ ኦስትሪያዊ በ2001 እ.ኤ.አ. በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ጥናቱ የጀመረው የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ለመምህርና ለተማሪ በነፃ ይገኛል፤ ስልክም ላፕቶፕም ላይ ይጫናል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ለኳድራቲክ ፋንክሽን ትምህርት እንዲህ ይጠቀሙበት።

1. ያስገምቱ። ሰሌዳው ላይ «ዋይ = ኤክስ² + ቢ·ኤክስ» ብለው ይጻፉ። «ቢን ከ0 ወደ 4 ብናሳድገው ግራፉ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ። ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። «ወደ ቀኝ» ወይም «ወደ ላይ» የሚል አይጠፋም።

2. ያሳዩ። አሁን በጂኦጀብራ ላይ የቢን ዋጋ የሚለውጠውን ስላይደር ቀስ ብለው ይግፉት። ፓራቦላው ወደ ግራ እየሄደ ይወርዳል። ቢ 2 ሲሆን የግራፉ ጫፍ (−1፣ −1) ላይ፣ 4 ሲሆን (−2፣ −4) ላይ ያርፋል። ጫፉ ዱካውን እንዲተው ቢያዙት የተገለበጠ ፓራቦላ ይሥላል።

3. ተማሪዎቹ እንዲያስረዱ ይጠይቁ። «ለምን?» የሚለውን ስክሪኑ አይመልስም። መልሱ ያለው በእጅ ሥራ ነው፦ ኤክስ² + 4ኤክስ = (ኤክስ + 2)² − 4። ጫፉ ከዚህ በቀጥታ ይነበባል።

4. ይፈትኑ። ስክሪኑን ይዝጉና ቢ −6 ሲሆን ጫፉ የት እንደሚሆን ይጠይቁ። (3፣ −9) ያለ ተማሪ ገብቶታል።

አንድ ስልክ ለአራት ተማሪ ይበቃል። መብራት ቢጠፋም ጥያቄው በካሬ ወረቀት ይቀጥላል፤ ነጥቦቹን መሣል ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

በዚህ ሳምንት ከሚያስተምሩት አንድ ርዕስ ብቻ ይምረጡ። ተማሪ የሚሳሳትበትን አንድ ጥያቄ አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ስልኩን የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።